ሞትን የማያሳየው የተማሪዎች ፊልም

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት «ዳይሬክቲንግ ቼንጅ» የሚባል የተማሪዎች የፊልም ውድድር አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወጣቶች ስለ አእምሮ ጤናና ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል ፊልም ይሠራሉ፤ ርዝመቱ 60 ሰከንድ ነው። ለቀረጻ ስልክ ይበቃል። የውድድሩ ትልቁ ሀብት ግን ደንቡ ነው፦ ራስን የማጥፋት ድርጊትን ወይም ሙከራን ያሳየ ፊልም፣ ቀረጻው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከውድድር ውጭ ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ሞቱን ካላሳዩ ምኑን አስተማሩ? በትምህርት ቤት ድራማ ያደግን ሁሉ ልማዱን እናውቀዋለን። ገጸ ባሕሪው በመጨረሻ ይሞታል፣ እናት ደረቷን ትደቃለች፣ ተማሪው ያለቅሳል፣ ከዚያም «ትምህርት ተላልፏል» ይባላል። ይህ በቅን ልብ የሚሠራ ስሕተት ነው፤ ይሁን እንጂ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴቪድ ፊሊፕስ፣ ጋዜጦች ራስን የማጥፋት ዜና በፊት ገጻቸው አጉልተው ካወጡ በኋላ ተመሳሳይ ሞት እንደሚጨምር አሳየ። ክስተቱንም ደራሲው ጎተ በ1774 ባሳተመው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕሪ ስም «የቬርተር ውጤት» አለው። በአንጻሩ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ጋዜጦች ከ1987 አጋማሽ ጀምሮ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ስለሚደርስ ራስን ማጥፋት የሚጽፉበትን መንገድ ሲቀይሩ፣ በዚያው መስመር ይደርስ የነበረው ራስን የማጥፋት ድርጊትና ሙከራ በወራት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በእኛው ዘመን ደግሞ ኔትፍሊክስ በ2017 ያወጣው ስለ አንዲት ተማሪ ሞት የሚተርክ ተከታታይ ፊልም ብርቱ ወቀሳ ገጥሞት፣ በ2019 ድርጅቱ ራሱ የሞቷን ትዕይንት ቆርጦ አውጥቶታል።

ከሁሉ የሚያስደስተው የ2010ሩ ግኝት ነው። የኦስትሪያ ተመራማሪዎች የአገራቸውን ጋዜጦች ሲመረምሩ፣ በከባድ ጭንቀት ውስጥ የነበረ ሰው ችግሩን እንዴት እንዳለፈው የሚተርክ ዘገባ ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ አገኙት። ስሙን ከሞዛርት የ1791 ኦፔራ ወስደው «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት። ወፍ አጥማጁ ፓፓጌኖ ፍቅሩን ያጣ መስሎት ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ሦስት ልጆች ይደርሱለትና በእጁ ያለውን ደወል እንዲያንቃጭል ያስታውሱታል። ይድናል። የደረሱለት ልጆች መሆናቸው ለተማሪ ፊልም ሠሪ ትልቅ ስንቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ለፊልምና ለመድረክ ሰዎች ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ይመክራል፦ ዘዴውን አታሳዩ፤ የተረፈውን፣ የረዳውንና እርዳታ የሚገኝበትን አሳዩ።

ሌላም ሥር የሰደደ ፍርሃት አለ፤ ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ራሱ ሐሳቡን በልብ ይዘራል የሚል። አይዘራም። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ጭንቀትን ያቀላል እንጂ ሐሳቡን አይፈጥርም።

ይህን ወደ ከተማችን ወደ አዋሽ መልካሳ እናምጣው። ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ አላቸው፤ ተማሪው ስልክ አያጣም። አንድ ታሪክ ይታሰብ። ክፍል ውስጥ ተጫዋች የነበረ ልጅ ዝምተኛ ሆኗል። የሚሳሳላቸውን ደብተሮችና ማሊያውን ለጓደኞቹ አድሏል፤ ይህ ከታወቁት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱ ነው። ጓደኛው ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር አጠገቡ ይቀመጥና ይጠይቀዋል። እዚህ ላይ ካሜራው ከተጠያቂው ፊት አይነሣ። ሙዚቃ አይግባ። መልሱ እስኪመጣ አምስት ሰከንድ ዝም ይባል፤ በ60 ሰከንድ ፊልም ውስጥ አምስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ ተመልካቹም መጠበቅን የሚማረው በዚያች ዝምታ ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገቡ ይታያል። አለቀ። ድምፁን ግን አደራ! የአዳማን የነፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ የስልክ ማይክ አይምርም፤ ጥያቄው ካልተሰማ ፊልሙ የለም።

የተማሪ ፊልም የሚናቅበት ምክንያት የለም። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት»ን ኢትዮጵያ መጥቶ የቀረጸው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ፊልም መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው ከበበ እውነቱን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ኮሜዲ ነው የአእምሮ ሕመምተኛን የተቀደደ ልብስ አልብሶ ለማሳቂያ ያቀረበው? ድባቴ ያለበት ተማሪ ያንን እያየ ሕመሙን ለማን ይናገር? የክበብ ተጠሪዎች ከሚጽፉት ድርሰት ይህን ሳቅ ዛሬውኑ ያውጡት።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ 727 ሺህ ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከአራቱ ሦስት የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው።

ፊልም ለመሥራት የተነሣችሁ ተማሪዎች፣ ድርሰታችሁን ከቀረጻ በፊት ለአንድ የጤና ባለሙያ አስነብቡ፤ ፊልሙ በሚታይበት ቀንም ባለሙያው አዳራሹ ውስጥ ይገኝ፤ ከተመልካቹ መካከል ሊያነጋግረው የሚፈልግ አይጠፋምና። ይህን የምታነቡና የመኖር ተስፋ የራቃችሁ ካላችሁ፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬ ንገሩት፤ አብራችሁም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።