ያውቁ ኖሯል? ደኅነኛዪቱ እጅ ስትታሰር

በስትሮክ የደከመችውን እጅ ለማበርታት፣ ሕመም ያልነካት ሌላይቱ እጅ ሆን ተብሎ ከሥራ የምትታገድበት ሕክምና መኖሩን ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ታውብ፣ የአንድ እጃቸው የስሜት ነርቮች የተቋረጡባቸው ጦጣዎች ያችን እጅ ፈጽመው ሲተዉአት፣ ደኅነኛዪቱ በታሰረች ጊዜ ግን መልሰው ሲሠሩባት ተመልክተው፣ እጅ ሥራ የምትፈታው በድካም ብቻ ሳይሆን በመተው ልማድም ጭምር መሆኑን ተረዱ፤ ከዚህም ሕክምናውን መሠረቱ። 222 ሕሙማን በተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ምርምር፣ ለዚህ ሕክምና የተመደቡት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከነቁበት ጊዜ 90 በመቶውን ደኅነኛ እጃቸውን በወፍራም ጓንት ሸፍነው እንዲውሉ ታዘው፣ በሥራ ቀናት እስከ 6 ሰዓት ድረስ የዘወትር ተግባራትን በደካማይቱ እጅ እየደጋገሙ ተለማመዱ። ከዓመት በኋላ እንኳ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ ሕሙማን እጅ የተሻለች ሆና ተገኘች። ከስትሮክ በኋላ ወራት ላለፉባቸው ሰዎች ይህ እንዴት ያለ መጽናናት ነው! ሥርዓቱ ግን በሐኪም ምርመራ የሚታዘዝ ሲሆን፣ የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በጥቂቱም ቢሆን ቀና ማድረግ ለሚችሉ ሕሙማን የተዘጋጀ ነው።