ስለ አንድ ሽፍታ ሞት የተዘፈነ ዘፈን

በአውስትራሊያ አገር ከቀድሞ ጀምረው ከሚዘፈኑት የሕዝብ ዘፈኖች አንዱ «የፎርብስ ጎዳናዎች» ይባላል። ዘፈኑ የሚያወሳው ቤን ሆል የተባለውን ሽፍታ አሟሟት ሲሆን፥ ግጥሙን የገጠመው የሟቹ ሚስት እኅት ባል ጆን ማክጓየር ነው ተብሎ ይነገራል።

ቤን ሆል በ1837 ዓ.ም. (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኒው ሳውዝ ዌልስ ተወለደ። ኑሮው ከብት ማርባት ነበር። በኋላ ግን ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ኮበለለች፤ እርሱም በ1862 ዓ.ም. ዩጎውራ በተባለው ስፍራ የወርቅ ጭነት ከዘረፉት ሽፍቶች ጋር ተባበረ፤ ፖሊሶችም ቤቱን አቃጠሉበት። ከዚያ ወዲያ የራሱን ጭፍሮች እየመራ መንገደኛውንና ባለሱቁን ሲዘርፍ ኖረ። በ1863 ዓ.ም. ካናውንድራ የምትባለውን መንደር ይዞ፥ ነዋሪዎቹን በአንድ ሆቴል ሰብስቦ ሦስት ቀን ሙሉ አብልቶ አጠጥቶ ሂሳቡን ከፍሏል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያወራለት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በ1865 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ከሕግ ጥበቃ ውጭ መሆኑ በስሙ የታወጀበትን ሽፍታ ማንም ሰው እጅህን ስጥ ሳይለው እንዲገድለው ይፈቅድ ነበር። ዳሩ ግን አዋጁ በቤን ሆል ስም ገና ሳይወጣ፥ በሜይ 5 ቀን ማለዳ ፖሊሶች ከፎርብስ አጠገብ ከበው በብዙ ጥይት ደብድበው ገደሉት። ሬሳው በፈረስ ተጭኖ ወደ ከተማው ገባ። ዘፈኑ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

እኛ ግን ዘፈኑን ስንሰማ የማይረሱ ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉናል። በ1864 ዓ.ም. ሳጅን ፓሪን፥ በ1865 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ ልጆች አባት የነበረውን ኮንስታብል ኔልሰንን የገደሉት የቤን ሆል ጓደኞች ነበሩ። የነዚህ ሟቾች ልቅሶ በዘፈኑ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ፍርዱ ለማን ነው? ቤን ሆል ተይዞ ለፍርድ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፥ የተዘረፈውም የሟች ቤተሰብም በችሎት ቆመው በደላቸውን ይናገሩ ነበር፤ ቃላቸውም በመዝገብ ይቀመጥ ነበር። ጥይቱ ከፍርድ ስለ ቀደመ ግን ለሕዝቡ የቀረለት በፈረስ ላይ የተጫነው ሬሳ ብቻ ሆነ። ነገ የሕግን ሥራ የሚረከቡ ወጣቶች ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ፤ ያለ ፍርድ የተገደለ ወንጀለኛ የበደላቸውን ሰዎች ያስረሳል።