ከአንድ ኪሎ ዱቄት ኬክና ደብተር



ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «የኔስ ልደት መቼ ነው?» ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት፣ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የጠየቀችን ይህንኑ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ አይታ መጥታለች።

ልደትን በማክበር ጉዳይ ዑለማእ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ከፊሎቹ ይከለክላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ እንደ አምልኮ ሳይያዝ ለምስጋና ያህል ማሰቡን ይፈቅዳሉ። እኛ ያን ክርክር ልንፈታ አልተቀመጥንም። ሻማም ጭፈራም ሳይኖር፣ ኬኩን በቤታችን ጋግረን፣ አላህን አመስግነን ልንበላ ተስማማን። አንድ ኪሎ ዱቄት ገዝተን ሥራ ጀመርን።

የደጋ ኬክ ለምን ይሰምጣል?

የመጀመሪያው ኬክ በምድጃው ውስጥ ሲያብጥ አይተን ተደሰትን። ስናወጣው ግን መሃሉ እንደ ጉድጓድ ሰምጦ ነበር። ጥፋቱ ለቆላ አገር የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ መከተላችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝም ከልክ በላይ ይለጠጣል። ሊጡ ገና ሳይጠና ቶሎ ያብጥና መልሶ ይወድቃል። ስለዚህ በደጋ የሚጋግር ሰው ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ይቀንስ፤ ፈሳሹን ጥቂት ይጨምር፤ ሙቀቱንም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ ያድርግ።

በሁለተኛው ሙከራ የተሳካልን እንዲህ ነው። 4 እንቁላል ከ170 ግራም ስኳር ጋር ነጣ እስኪል መታን። ግማሽ ብርጭቆ ዘይትና አንድ ብርጭቆ ወተት ጨመርን። 250 ግራም ዱቄት ከአንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከጥቂት የቫኒላ ዱቄት ጋር ነፍተን፣ ብዙ ሳናማስል አዋሐድነው። በ190 ዲግሪ 35 ደቂቃ ያህል ጋገርነው። መሃሉ ላይ የተወጋው ስንጥር ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል ማለት ነው።

የተረፈው ዱቄት

ኬኩ ሲቀዘቅዝ ልጃችን «በተረፈው ዱቄት ሙጫ እንሥራ» አለች። ሥዕልም፣ ጽሑፍም፣ ፎቶግራፍም፣ ቁራጭ ጨርቅም አንድ ላይ የሚለጠፍበት የማስታወሻ ደብተር ከጀመረች ቆይታለች። በእጅ የተሠራ መጽሐፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐረር ከተማ ቁርኣን በእጅ ሲገለበጥና በቆዳ ሲጠረዝ ለዘመናት ኖሯል።

ሙጫው ቀላል ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአሥር ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ከዚያም በዝግተኛ እሳት እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል። ሲቀዘቅዝ በስሱ ይቀባል፤ ደብተሩም ወረቀቱ እንዳይጨማደድ ከባድ ነገር ተጭኖበት ያድራል። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ደብተሩ እንዳያብጥ ከየሦስቱ ቅጠል አንዱን ቀድዶ ማውጣት ይበጃል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አራት ማዕዘኑ ብቻ ይያዝ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይለጠፍ፤ ነገ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚያ ቀን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጽ ሰጠችን። ስማችንን፣ የተወለድንበትን ቀን፣ የምንወደውን ምግብ ጻፈች። ከዚያም ወደ አያቷ ዞረች።

ባዶው ገጽ

«እማዬ፣ እርስዎስ መቼ ተወለዱ?»

«ማን ጽፎት ልጄ! አዝመራ ሲሰበሰብ ነው ይሉኝ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉና «ከኔ ይልቅ ለእሷ ጻፊላት» አሏት።

«ለማን?»

በ1977 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ድርቅ እማዬ የበኩር ልጃቸውን አዝለው ከቆቦ ገጠር ወደ ኮረም መጠለያ ሲጓዙ ሕፃኗ መንገድ ላይ አረፈች። ሦስት ዓመቷ ነበር። ታላቅ እህት እንደ ነበረች እናውቅ ነበር፤ ስሟን ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። የሚያማቸው መስሎን ተውነው። እሳቸውም የሚጠይቅ ስላጡ ዝም አሉ። ፎቶግራፏ የለም፤ ልብሷ የለም። ስሟ የሚገኘው በእናቷ አንደበት ላይ ብቻ ነበር።

ልጃችን አዲስ ገጽ ገለጠች። «ምን ትወድ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጥንቅሽ!» አሉ እማዬ፤ ፈገግም አሉ። «ጥርሷ ሳይጠና ትመጠው ነበር።»

የማሽላ አገዳ በቀለም ሣለች። እማዬ ከአሮጌ ነጠላቸው ጫፍ ቁራጭ ቆርጠው ሰጧት፤ በዱቄቱ ሙጫ ከሥዕሉ ግርጌ ለጠፈችው። ከዚያ በላይ ስሟን በትልቁ ጻፈች። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ ከደብተሩ ላይ ይኑር።

ኬኩ ተቆረሰ። እማዬ የመጀመሪያውን ሳህን አልበሉትም። «ይህ ስለ እሷ ሰደቃ ይሁን» ብለው ለጎረቤት ልጆች ላኩት። ሳህኑን ይዛ የሄደችው ባለ ልደቷ ነበረች፤ ስትመለስም ስለ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ አላነሣችም።

ውድ አንባብያን፣ ከልጆቻችሁ ጋር ደብተር ብትሠሩ ውበቱ አያስጨንቃችሁ። በየቤታችን ሳይጠየቁ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ያልተጻፈ ስምም ይዘዋል። ልጃችሁ አንድ ዓመት የሞላበት ቀን እነሱን ለመጠየቅ ጥሩ ቀን ነው። እኛ ወደ 40 ዓመት ዘግይተናል፤ እናንተ አትዘግዩ።

አላህ ያለፉትን ይማርልን፤ ያሉትንም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። አሚን።