ማዳመጫው ምን በደለ?

ባለፈው ክረምት፣ የዳሞታ ተራራ ከጉም ሳይገላገል በሚውልበት ወራት፣ አንድ ጎልማሳ ወንድሙ ከዱባይ የላከለትን የጆሮ ማዳመጫ፣ ይኸውም እኔ በዚህ በሶዶ ከተማ የቴፕና የራዲዮ ጥገና ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ ከእጄ ከገቡት ሁሉ በዋጋ የሚበልጠውን፣ ከነካርቶኑ አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ ወንድሜን አስመስለው የሠሩትን ሳይሸጡለት አልቀሩም፤ እስቲ ውስጡን ከፍተው ይዩልኝ» አለኝ። መክፈት አላስፈለገኝም፤ በራሴ ማጫወቻ ላይ ሰክቼ ለመፈተኛ ከማስቀምጣቸው ቅጂዎች አንዱን ባሰማሁት ጊዜ፣ ማዳመጫው ጤነኛ ብቻ ሳይሆን እጅግ መልካም ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ እርሱ በስልኩ የያዘውን ሰማሁ። እናቱ በወጣትነታቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር ሆነው በወላይትኛ የዘመሩት፣ በካሴት ወጥቶ የነበረ ዝማሬ ነው፤ ኋላም በአንድ ዘፈን መጫኛ ሱቅ ወደ ሚሞሪ ተገልብጦ፣ ጭብጨባው ሟሙቶ፣ «ሰ» እና «ሸ» ያለበት ቃል ሁሉ እያፏጨ ቀርቷል። «ካሴቱስ የት አለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከተገለበጠማ በኋላ ምን ይሠራል ተብሎ ተጣለ» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም።

የሙያ ባልደረቦቼ ከዚህ ቀጥሎ የምለውን «ይህማ የታወቀ ነው» ብለው እንደሚያልፉት ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ለእኛ የታወቀ የሆነው ነገር ከሱቃችን ደጃፍ ወጥቶ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳልተጓዘ በየሳምንቱ ስለማይ፣ ድካሙ ቢሰማኝም ዝም ለማለት አልቻልሁም። ሰው ሁሉ ጥራት የሚባለው ነገር በማዳመጫው ውስጥ ተቀምጦ እንደሚሸጥና ብዙ ብር የከፈለ ብዙ እንደሚያገኝ ያምናል። ማዳመጫ ግን ከወዲያ የተላከለትን ከማድረስ በቀር ከራሱ አመንጭቶ የሚጨምረው የዜማ ሀብት የለውም፤ ይልቁንም መልካም በሆነ መጠን የቅጂውን ነውር እየገለጠ ያሳጣል፤ በርካሹ ማዳመጫ ተሸፍኖ የኖረው ጉድለት በውዱ ላይ አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ቀድሞ ያልሰማውን ስሕተት ሰምቶ ያዝንና፣ ጥፋቱን በንጹሑ ዕቃ ላይ ይጭናል።

ጥፋቱ ያለው ግን በቅጂው ላይ ነው። ያ ዝማሬ የተገለበጠበት ኤምፒስሪ የሚባለው አቀዳድ፣ በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ያሉ የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ያበጁትና በ1993 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ መመዘኛነት የታተመ ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡም ብርቱ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ከጆሮ ስለሚሰውር የተሰወረው ቢጣል ሰሚው አያውቅም የሚል ነው። የሲዲ ቅጂ በሴኮንድ 1411 ኪሎቢት ሲወስድ፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲገለበጥ የኖረው የ128 ኪሎቢት ፋይል ከዚያ ከ11 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ይይዛል። ብልኀቱን አላቃልልም፤ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ የሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» የተባለ፣ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ዘፈን መፈተኛ አድርጎ፣ በመጀመሪያ ድምፅዋ ተበላሽቶ ስለ ወጣበት ሥራውን ደጋግሞ አርሟል። ነገር ግን የወላይታን ጭብጨባና የማሕሌቱን ጸናጽል መፈተኛ ያደረገልን አልነበረም፤ እነዚህ ሁለቱም ደግሞ ለዚህ አቀዳድ እጅግ ከባዶቹ ናቸው። አቀዳዱ ድምፁን በአጭር አጭር የጊዜ ክፍል እየቆረጠ ስለሚመዝን፣ በዝምታ መካከል ድንገት የሚፈነዳ ጭብጨባ ባለበት ክፍል ውስጥ ስሕተቱ ጭብጨባውን ወደሚቀድመው ዝምታ ይረጭና፣ እጅና እጅ ሳይገናኝ አስቀድሞ የደበዘዘ ሹክሹክታ ይሰማል፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን በየቤቱ የሚጫወተውን ቅጂ በጥሞና ያደመጠ ሁሉ ይህን ያገኘዋል። ጸናጽሉም ሕይወቱ በላይኛው የድምፅ ክልል ስለ ሆነ፣ ያ ክልል ገሚሱ ሲቆረጥና ገሚሱ ሲቆነጠር፣ ብረት ከብረት ሲነካ የሚሰጠው ጥርት ያለ ቃጭል ይጠፋና የሚንሿሿ ነፋስ ይቀራል። ዕቃ ለመምረጥ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሰማው እንግዲህ እነዚህን ነው፤ ቤዙ የሚደልቀውን ዘፈንማ የትኛውም ሻጭ ያሰማዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰለቸኝ ያ ጎልማሳ ደግሞ አድርጎት የነበረው ነገር ነው፤ ይኸውም የተበላሸውን ኤምፒስሪ በአንድ ፕሮግራም ወደ ፍላክ ለውጦ ጥራቱን «ከፍ» ማድረጉ። ፍላክ አንዳች ሳይጥል የሚያስቀምጥ አቀዳድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሰጠውን ሳይጥል ያስቀምጣል እንጂ አስቀድሞ የተጣለውን ከየትም አያመጣም፤ ፋይሉ በብዙ እጥፍ ወፍሮ፣ ያው ጭብጨባ ሟሙቶ፣ ያው ቃል እያፏጨ ይኖራል። ከዩቲዩብ አውርደው «320 ነው» እያሉ በቴሌግራም የሚቀባበሉትም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ፋይሉ የያዘውን ቦታ ይናገራል እንጂ ድምፁ ከየት እንደ መጣ አይመሰክርም።

ገልባጮቹን በክፋት አልከስም። የስልኩ ሚሞሪ ሁለት ጊጋባይት በነበረበት ጊዜ ደንበኛው የሚፈልገው ብዛት ስለ ነበር፣ ፋይሉን ማሳነስ ግድ ነበር። ዛሬ ግን አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ምንም ሳይጣልበት በሲዲ ልክ ቢቀዳ 600 ሜጋባይት ገደማ፣ በፍላክ ሲሆን ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ 64 ጊጋባይት የያዘ ተራ ስልክ ያልታጨቀ ካሴት መቶ ያህል ይችላል። ምክንያቱ ከሞተ ቈይቷል፤ ልማዱ ግን ይኖራል። ቀጂው የቴፑን ሄድ በአልኮል ሳይጠርግ፣ የላላውን ላስቲክ ሳይለውጥ፣ ከሁሉም በላይ የሄዱን ማእዘን ለእያንዳንዱ ካሴት በብሎኗ ሳያስተካክል ይጀምራል፤ ማእዘኑ ጥቂት ከተዛነፈ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ገና ኮምፒዩተር ሳይደርስ ይሞታል፤ ሚዛኑ ያልተጠበቀውም ጩኸት ይቈረጥና ይሻክራል። እንዲህ የተበላሸውን የሚያድነው ከዋናው ዳግም መቅዳት ነው፤ ዐምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸው የአዲስ አበባ ዘፈኖች ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ሰው አግኝተው፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ ዳግም ታትመዋል። የሶዶ፣ የአረካና የቦዲቲ መዘምራን ግን በጥቂት ቅጂ አውጥተዋቸው በየቁም ሣጥኑ ለቀሩት ካሴቶች ፋልሴቶ አልመጣላቸውም፤ አሳታሚው ጠፍቷል፤ ዋናው ቴፕ በሌላ ተደርቦበታል፤ እንግዲህ ዋናው የሚባለው ያ አቧራ የለበሰው ካሴት ራሱ ነው። ይህን «ተገልብጧል» ብሎ የሚጥል ሰው፣ ብራናው ፎቶግራፍ ተነሥቷል ብሎ መጽሐፉን ለእሳት ከሚሰጥ በምን ይለያል?

ስለ ጩኸትም አንድ ነገር ልናገር። ሻጭ ሁለት ማዳመጫ ሲያወዳድር ሊሸጥ የፈለገውን ጥቂት ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲያንስ ወፍራሙንና ቀጭኑን ዜማ አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ስላሳዩ፣ የጮኸው ሁሉ የሞላና የጠራ መስሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል አይለፍ ሲል፣ በየሱቁ የማየው ወጣት ግን የቅጂውን ድክመት በጩኸት ሊሸፍን በመጨረሻው ልክ ያደምጣል።

አሁን በቤቱ ተቀምጦ በሥርዐት ለማድመጥ ዕቃ ሊያሰናዳ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከዕቃው በፊት ካሴቱንና ሲዲውን ፈልጎ በደንብ እንዲያስቀዳ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው ማዳመጫ አየር የተሞላ ድምፅ ቢሰጥም፣ ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናም ሲወርድ ከንቱ ስለሚሆን፣ ለእኛ ቤት ዝጉ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 300 ኦም የሆነውን ማዳመጫ ስልክ ብቻውን በሚገባ አይነዳውም፤ 32 ኦም የሆነውን መግዛት አምፕሊፋየር ከመግዛት ያድናል። ብሉቱዝ ድምፁን አንድ ጊዜ እንደ ገና ስለሚያጭቅ፣ አስቀድሞ የታጨቀ ፋይል ለያዘ ሰው በቁስል ላይ ቁስል ነውና ባለ ገመዱን ይያዝ፤ ስልኩ የገመድ ቀዳዳ ከሌለው በታይፕ ሲ የሚሰካ ትንሽ መቀየሪያ ይበቃዋል። ጆሮ የሚሸፍነው ስፖንጅ ሲቀደድ ግን ቤዙ በዚያ በኩል ያመልጣልና፣ «ማዳመጫዬ ሳሳ» ብሎ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ስፖንጁን ብቻ ያስለውጥ፤ ይህን ሥራ ቆሞ እያየ እጨርስለታለሁ።