እስትንፋስ አጋዥ ጭምብል

ትንባሆ ወይም የማገዶ ጢስ ለብዙ ዘመን ሲያጠብበው የኖረ ሳንባ አንድ ቀን ብርቱ ጉንፋን ቢታከልበት፣ የደረትና የድያፍራም ጡንቻዎች ከአቅማቸው በላይ ሲታገሉ ውለው ይዝላሉ፤ መውጣት የሚገባው የተቃጠለ አየርም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፣ ሕሙሙም ልቡናው እየደነዘዘ ወደማይነቃበት እንቅልፍ ይሳባል። በቀድሞው ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ድዉይ የቀረው ተስፋ በማደንዘዣ አስተኝቶ በጉሮሮው ቧንቧ ማስገባት ነበር፤ ይህም እጅግ ብዙ ነፍስ ያዳነ ጥበብ ቢሆንም ንግግርን ይነጥቃል፣ ሳልን ያግዳል፣ ለሳንባ ምችም በር ይከፍታል።

አፍንጫንና አፍን ገጥሞ የሚይዘው ጭምብል ግን ጉሮሮን ሳይነካ ይሠራል። ሕሙሙ አየር መሳብ ሲጀምር ከጭምብሉ ጋር የተያያዘው መሣሪያ ጥረቱን ለይቶ ከፍ ባለ ግፊት ይደግፈዋል፤ ሲያስወጣም ዝቅ ያለ ግፊት ጠብቆ የአየሩ መተላለፊያ እንዳይከደን ያደርጋል። የላይኛው ግፊት ከ10 ሴንቲሜትር ውሃ ገደማ ተነሥቶ፣ ሕሙሙ እየለመደው ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፑልተን የተባለ የለንደን ሐኪም በ1936 እ.ኤ.አ. ከልብ ድካም የተነሣ ሳንባቸው ውሃ ለቋጠረባቸው ሕሙማን በአቧራ መጥረጊያ መኪና ሞተር የሚነፋ ጭምብል አዘጋጅቶ ነበር። ነገሩን ከጥርጥር ያወጣው ግን ብሮሻር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ሳንባቸው የጠበበባቸውን 85 ሕሙማን ለሁለት ከፍለው ያደረጉት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ ነው፤ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከታከሙት ከመቶው 74ቱ ቧንቧ ሲያስፈልጋቸው፣ በጭምብል ከታገዙት ግን 26ቱ ብቻ ሆኑ፤ ሞትም ከመቶ 29 ወደ 9 ወረደ።

ሆኖም መሣሪያው ያለ ትጉህ ነርስ ከንቱ ነው፤ ይህን አጥብቄ እላለሁ። የታፈነ ሰው ፊቱ ሲሸፈን ይደነግጣልና፣ ብልህ ነርስ ማሰሪያውን ከማጥበቋ በፊት ጭምብሉን በእጇ ደግፋ ታለማምደዋለች፤ አየሩ ወደ ዓይኑ እንዳያፈተልክ፣ የአፍንጫው አጥንት እንዳይቆስል ትጠብቃለች። በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ደሙ ተመርምሮ መሻሻል ካልታየ ቧንቧውን ማዘግየት ሕይወት ያስከፍላል፤ ለሚያስመልሰውና ፊቱ ለቆሰለ ሰውም ጭምብሉ አይገባም።

እናንተም በሕሙም ራስጌ የምትቀመጡ አስታማሚዎች፣ ካላስመለሰው በቀር ምግብ ለማጉረስ ብላችሁ ጭምብሉን በገዛ እጃችሁ አታውልቁበት፤ ነርሷን ጥሩ።