የትኛው ስቴንት? ከካፋ ለልብ ሕክምና ለሚሄዱ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው



በቦንጋ፣ በጊምቦ፣ በዴቻ ወይም በጨና ከሚኖሩ ወገኖች አንዱ በድንገተኛ የልብ ሕመም (ብዙዎች «ሃርት አታክ» በሚሉት) ተይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሐኪሙ ቤተሰቡን ጠርቶ «ስቴንት ያስፈልገዋል» ሊል ይችላል። ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የትኛው ይሁን? መድኃኒት ያለበት ወይስ የሌለበት? ውዱ ወይስ ርካሹ? ስልክ ወደ ቦንጋ ይደወላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቤተ ክርስቲያንም መዋጮ ትጀምራለች። በዚያ ጭንቀት መካከል ነገሩን አጣርቶ ለመረዳት ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማወቁ ይጠቅማል።

መልሱን ከወዲሁ በአጭሩ ልንገርዎ። የስቴንቱ ምርጫ ራሱ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ሆኗል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው።

ስቴንት ምንድን ነው?

የልብን ጡንቻ በደም የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች አሉ። በግድግዳቸው ላይ ለዓመታት የተከማቸው ስብ ድንገት ሲሰነጠቅ ደም እዚያ ላይ ይረጋና ቧንቧው ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ደም ስለማያገኝ መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው ይህንን ነው።

ስቴንት እንደ ወንፊት የተሠራ ትንሽ የብረት ቱቦ ነው። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሰዋል፣ በጫፉ ያለውን ፊኛ ይነፋል፣ ስቴንቱም ተከፍቶ የቧንቧውን ግድግዳ ደግፎ ይቀራል። ደረት አይከፈትም። ስቴንቱም ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል።

በፊኛ ብቻ መክፈት የተጀመረው በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ፣ ሐኪም አንድሪያስ ግሩንትሲግ በ1977 እ.ኤ.አ. ባደረገው ሕክምና ነው። ነገር ግን በፊኛ የተከፈተው ቧንቧ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠብ ስለ ነበር፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች በሰው ልብ ውስጥ ተቀመጡ።

ዓይነቶቹ

1ኛ. መድኃኒት የሌለበት ስቴንት። ባዶ ብረት ነው። ቧንቧውን ይከፍታል፤ ነገር ግን ሰውነት ብረቱን እንደ ቁስል ቆጥሮ ሥጋ ያበቅልበታል። በዚህም ምክንያት ከ5 ሕሙማን በ1ዱ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ቧንቧው በወራት ውስጥ እንደ ገና ይጠብ ነበር።

2ኛ. መድኃኒት የተቀባ ስቴንት። ብረቱ ላይ የተቀባው መድኃኒት ቀስ በቀስ እየወጣ ይህን የሥጋ ዕድገት ይገታል። የመጀመሪያዎቹ በ2002 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋሉ። አዲሶቹ ኤቬሮሊመስ፣ ዞታሮሊመስ ወይም ሲሮሊመስ የተባሉ መድኃኒቶችን ይይዛሉ፤ ብረታቸውም ከቀድሞዎቹ የቀጠነ ነው።

3ኛ. ሟሟ ስቴንት። በጊዜ ብዛት ቀልጦ እንዲጠፋ የታሰበ ነበር። አብሶርብ የተባለው በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቢፈቀድም፣ ደም እንዲረጋ የማድረግ አደጋው ከብረቱ በልጦ በመገኘቱ በ2017 ሽያጩ ቆመ። ስለዚህ «የሚሟሟውን ብናገኝ» ብለው አይጨነቁ።

ሐኪሞች ሐሳባቸውን የለወጡበት ምክንያት

ምናልባት አንድ ዘመድዎ «መድኃኒት ያለበት ስቴንት አደገኛ ነው፣ በተለይ ለገጠር ሰው» ሲል ሰምተው ይሆናል። ይህ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ መድኃኒት የተቀቡ ስቴንቶች ከገቡ ከብዙ ወራት በኋላ፣ በተለይም ሕመምተኛው ክኒኑን ሲያቋርጥ፣ በድንገት ደም እንደሚረጋባቸው ታይቶ በዓለም ዙሪያ ስጋት ፈጥሮ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱን በየቀኑ ለመውሰዱ እርግጠኛ ላልሆኑበት ሰው ሐኪሞች ባዶውን ብረት ይመርጡ ነበር።

አዲሶቹ ስቴንቶች ግን ይህን ለውጠዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣ ጥናት 1,500 ያህል የድንገተኛ ልብ ሕሙማን ተከፍለው ገሚሶቹ ኤቬሮሊመስ የተቀባ፣ ገሚሶቹ ባዶ ስቴንት ገባላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ በስቴንቱ ላይ ደም የረጋባቸው በአዲሱ 0.9 በመቶ፣ በባዶው 2.5 በመቶ ነበሩ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመድማት አደጋ ያለባቸውንና ሁለቱን ክኒኖች ለአንድ ወር ብቻ መውሰድ የሚችሉትን 2,466 ሰዎች ተከታተለ። ለእነርሱም ቢሆን መድኃኒት ያለበት ስቴንት የተሻለ ሆነ። በዚህም መሠረት የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ክኒኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ ሳይታይ መድኃኒት የተቀባውን ስቴንት መርጧል።

ቀደም ሲል ባዶ ብረት የገባለት ሰው ግን አይደንግጥ። በኖርዌይ 9,013 ሕሙማንን ለ6 ዓመት የተከታተለው የ2016ቱ ጥናት፣ በሞትና በተደጋጋሚ የልብ ሕመም ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱ ቧንቧውን እንደ ገና ለማከም ከተመለሱት ሰዎች ቁጥር ላይ ነበር፤ 16.5 በመቶ በመድኃኒቱ፣ 19.8 በመቶ በባዶው።

«የህንድ ነው ወይስ የአሜሪካ?» የሚለውም ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ያስጨንቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውሮፓ ጥናት በህንድ የተሠራን አንድ ሲሮሊመስ የተቀባ ስቴንት ከታወቀው የአሜሪካ ስቴንት ጋር በ1,435 ሕሙማን ላይ አወዳድሮ እንደማያንስ አግኝቷል። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ርካሽ ስቴንት እኩል ነው ማለት አይደለም። ከአገሩ ይልቅ የትኛው መድኃኒት እንዳለበት፣ አዲስ ትውልድ መሆኑንና በጥናት የተፈተነ መሆኑን ይጠይቁ።

ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ፣ ሰዓቱን ያስቡ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጅማ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የዓለም መመሪያ ስቴንቱ ምርመራው በተረጋገጠ በ120 ደቂቃ ውስጥ እንዲገባ ይመክራል። ከካፋ ተነሥቶ ይህን ሰዓት መድረስ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና የረጋውን ደም የሚያሟሙ እንደ ስትሬፕቶኪኔዝ ያሉ መርፌዎች ናቸው። እነዚህም ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ይበልጥ ይጠቅማሉ።

በደረት መሃል የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሲሆን «ጨጓራዬ ነው» ብለው አይደሩ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ ሕመሙ ከጨጓራ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ፈጥነው ይሂዱ፤ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) እንዲነሣም ይጠይቁ። መርፌው የት እንደሚገኝ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በሌላ፣ ጤና ተቋሙ በስልክ ያጣራ። ሰዓቱን የሚያተርፍ ይህ ነው።

ዘግይተው የደረሱ ሁሉ ስቴንት ያስፈልጋቸዋል ማለትም አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 28 ቀን የቆዩ፣ ቧንቧቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋና የተረጋጉ 2,166 ሕሙማንን መርምሮ፣ ስቴንት ማስገባቱ ከመድኃኒት ብቻ የበለጠ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይቷል። ሐኪሙ «ለእርሱ መድኃኒት ይበቃል» ካለ፣ በድህነታችን ናቀን ብለው አይውሰዱት። ለምን እንደሆነ ግን እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ።

የአንድ ዓመቱ ክኒን

ከስቴንት በኋላ ሁለት ዓይነት ክኒን ይታዘዛል። አንደኛው አስፕሪን ነው፤ ሁለተኛው ክሎፒዶግሬል ወይም ቲካግሬሎር። ለድንገተኛ የልብ ሕመም ሁለቱ አብረው ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ይወሰዳሉ፣ ከዚያም አንዱ ይቀጥላል። የመድማት አደጋ ላለበት ሰው ሐኪሙ ሊያሳጥረው ይችላል። ያለ ሐኪም ማቋረጥ ግን፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በአዲሱ ብረት ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ይህም ብዙዎችን ይገድላል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በካፋ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚመጣው ቡና ሲለቀም ነው። ያ ገንዘብ ለስቴንቱ ካለቀ፣ በክረምት የክኒኑ ዋጋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መዋጮ ሲሰበሰብ የአንድ ዓመት መድኃኒት ዋጋ ከመጀመሪያው አብሮ ይታሰብ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የትኛውን መድኃኒት እንደሚሸፍንልዎ ይጠይቁ። ቲካግሬሎር በቦንጋ የማይገኝ ወይም አቅምዎን የሚበልጥ ከሆነ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይንገሩ፤ ሐኪሙ በክሎፒዶግሬል ሊለውጠው ይችላል። በራስዎ ግን አይለውጡ።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ለጨጓራ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል፤ በምትኩ ፓንቶፕራዞል እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማትንም የልብንም አደጋ ይጨምራሉ። ጥርስ የሚያስነቅሉ ከሆነም ክኒኑን ከማቆምዎ በፊት የልብ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጾምና ጸሎትስ?

የምንጾምና የምንጸልይ ሕዝብ ነን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በጾም ቀን ክኒኑ አይዘለል። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ ማታ ከምግብ ጋር ሊሆኑ ይችላሉ። ቲካግሬሎር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ያለ ውኃ ለቀናት ለመጾም ካሰቡ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ደረቱ የቀለለው ወገን በጉባኤ መካከል ቆሞ እግዚአብሔርን ቢያመሰግን ደስ ይለናል። ሆኖም ሕመም አለመሰማቱ ስቴንቱ በሥጋ ተሸፍኖ ድኗል ማለት አይደለም። ማንም አገልጋይ «መድኃኒቱን ጣል» አይበል፤ ክኒኑን መዋጥም የእምነት ማነስ አይደለም። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ።

ሐኪሙን ይጠይቁ፣ ለሐኪሙም ይንገሩ

ይጠይቁ፦ ስቴንት ለምን ያስፈልጋል? ስንት? ምን መድኃኒት የተቀባ ነው? ሁለቱን ክኒን እስከ መቼ? በቦንጋ ማን ይከታተለኛል?

ይንገሩ፦ ጨጓራ ደምቶብኝ ያውቃል፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አለኝ፤ ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ከ3 ወር በላይ ክኒን ለመግዛት አቅም የለኝም። ይህን መናገር አያሳፍርም፤ ሐኪሙ የሚወስነው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነውና። የስቴንቱን ዓይነትና ቀን የያዘውን ካርድ ተቀብለው ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ሕመምተኛው ከአዲስ አበባ ሲመለስ እልል ብላችሁ ተቀበሉት። በየወሩም አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ «ክኒኑ አልቋል ወይስ አለ?» ብሎ ይጠይቀው።

ጌታ ይባርክዎ።