ከአገልግሎቱ ጋር ተፈጥሮ ከአገልግሎቱ ጋር የሚጠፋ ማውጫ፦ በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጊዜያዊ ማውጫዎች አያያዝ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። በሊኑክስና በሌሎች ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ የሚሠሩ አገልግሎቶች፣ ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ብቻ የሚያስፈልጓቸውን ፋይሎች የት ያኖራሉ? ማኖሪያውን ማን ይፈጥረዋል? ባለቤቱስ ማን ነው? መቼስ ይጠፋል? የማስረዳችሁ ነጥብ አንድ ነው፤ የጊዜያዊ ማውጫ ዕድሜ ከአገልግሎቱ ዕድሜ ጋር መተሳሰር አለበት፤ ትስስሩንም መጠበቅ ያለበት ሥርዓቱ ራሱ እንጂ የአስተዳዳሪው ትውስታ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ፋይሎቹ ምንነት እንነጋገር። ሦስት ዓይነቶች በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው የአገልግሎቱን የፕሮሰስ ቁጥር የሚይዘው ፒአይዲ ፋይል ነው። ሁለተኛው ሶኬት ነው፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት በር ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ላይ እንዳይጋጩ የሚከለክለው የመቆለፊያ ፋይል ነው። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እውነትነታቸው ማብቃቱ ነው። ትናንት 1482 የሚል ቁጥር የያዘ ፒአይዲ ፋይል ዛሬ ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ሳይጠፋ ቢገኝ፣ ያ ቁጥር አሁን የሌላ ፕሮሰስ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን አምኖ «ይህን ፕሮሰስ አቁም» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ያልታሰበውን አገልግሎት ይገድላል።

ለረጅም ዘመን የእነዚህ ፋይሎች መኖሪያ «ቫር» በተባለው ማውጫ ሥር የሚገኘው «ራን» ነበር። በ2004 የወጣው የፋይል ሥርዓት አደረጃጀት ደረጃ ቅጽ 2.3 በዚህ ማውጫ ያሉ ፋይሎች ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንዲጸዱ ያዝዛል። ሆኖም «ቫር» ብዙ ጊዜ በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ ስለሚቀመጥ፣ በአነሣሥ መጀመሪያ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ገና አያገኙትም ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ የመሣሪያ ፋይሎች በሚገኙበት «ዴቭ» ውስጥ የተሰወሩ ማውጫዎችን እየፈጠሩ ይጠቀሙ ነበር። በ2011 ፌዶራ 15 «ራን»ን ከሥሩ ማውጫ በቀጥታ ሥር አስቀመጠው፤ ሌሎች ስርጭቶችም ተከተሉት፤ በ2015 የወጣው የደረጃው ቅጽ 3.0 ይህንኑ አጸደቀ። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች የቀድሞው ቦታ ወደ አዲሱ የሚያመለክት ሲምሊንክ ብቻ ነው። ፍሪቢኤስዲ ግን የቀድሞውን ቦታ እስከ ዛሬ ይጠቀማል፤ ሲነሣም «ክሊንቫር» በተባለ ስክሪፕት ያጸዳዋል።

አዲሱ «ራን» የሚኖረው በዲስክ ላይ ሳይሆን በማስታወሻው፣ ማለትም በራም ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ባዶ ሆኖ ይጀምራል። ይህ አሮጌ ፋይሎች የሚያስከትሉትን ስሕተት ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል፤ ነገር ግን አዲስ ግዴታ ያመጣል።

«መዝገብ» የሚባል የተማሪዎች ምዝገባ አገልግሎት አለን እንበል። አገልግሎቱ ለደኅንነት ሲባል የሩት ሥልጣን በሌለው የራሱ ተጠቃሚ ስም ይሠራል። «ራን» ግን የሩት ንብረት ስለሆነ አገልግሎቱ በውስጡ ማውጫ መፍጠር አይችልም። አስተዳዳሪው ማውጫውን በእጁ ይፈጥርና ባለቤትነቱን ለአገልግሎቱ ያዛውራል። አገልግሎቱ ይነሣል፤ ለወራትም ያለ ችግር ይሠራል። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ይቋረጣል። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ማውጫው የለም፤ ምዝገባውም የለም። በእጁ የፈጠረው ሰው ሥራ ለቆ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን የሚያውቅ አይገኝም። የመብራት መቆራረጥ በማይቀርበት አገር ለምንሠራ ለእኛ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ አቋራጭ ይሄዳሉ። አንዳንዱ አገልግሎቱን በሩት ሥልጣን ያስነሣዋል፤ አንድ የፕሮግራም ጉድለት መላውን ኮምፒውተር አሳልፎ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሌላው ሶኬቱን ማንም ወደሚጽፍበት «ቴምፕ» ያዛውረዋል። የዚህን አደጋ የመረጃ ቋቱ የፖስትግሬስኪውኤል ሰነድ ራሱ ያብራራል። «ቴምፕ» ላይ ያለው ልዩ የፈቃድ ምልክት አንዱ ተጠቃሚ የሌላውን ፋይል እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ ያልተያዘን ስም ቀድሞ መያዝን ግን አይከለክልም። ስለዚህ እውነተኛው አገልጋይ በቆመበት ሰዓት ማንኛውም የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ በዚያው ስም የራሱን ሶኬት ከፍቶ፣ ደንበኞች የሚልኩትን የይለፍ ቃልና ጥያቄ ሊሰበስብ ይችላል። መፍትሔውም ሶኬቱን የታመነ ተጠቃሚ ብቻ በሚጽፍበት ማውጫ ውስጥ ማኖር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ማውጫውን የመፍጠር ኃላፊነት ለአገልግሎት አስተዳዳሪው ፕሮግራም መስጠት ነው። በሲስተምዲ ከ2014 ጀምሮ ይህ በአንድ መስመር ይፈጸማል፦ በዩኒት ፋይሉ የአገልግሎት ክፍል ውስጥ «ራንታይምዳይሬክተሪ=መዝገብ» ብሎ መጻፍ። ሲስተምዲ አገልግሎቱን ከማስነሣቱ በፊት በራሱ ሥልጣን ማውጫውን ይፈጥራል፤ ባለቤትነቱን በዩኒት ፋይሉ ለተጠቀሰው ተጠቃሚ ይሰጣል፤ አገልግሎቱ ሲቆምም ማውጫውን ከነይዘቱ ያጠፋል። ፈቃዱ ካልተገለጸ 0755 ይሆናል፤ ይዘቱን ሌሎች እንዳያዩት ከተፈለገ 0750 ወይም 0700 ብሎ መወሰን ይቻላል። በሲስተምዲ ፈንታ ኦፕንአርሲ ለሚጠቀም «ቼክፓዝ» የተባለው ረዳት ትእዛዝ ማውጫውን ከነባለቤቱና ከነፈቃዱ ያዘጋጃል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶችን ልጠቁም። የመጀመሪያው ሁለት አገልግሎቶች አንድ ማውጫ ሲጋሩ ነው። አንዱ ሲቆም ማውጫውን ስለሚያጠፋ፣ ሌላው በሥራ ላይ እያለ ሶኬቱን ያጣል። እንዲህ ያለ የጋራ ማውጫ ዕድሜው ከአንድ አገልግሎት ሳይሆን ከኮምፒውተሩ መነሣትና መጥፋት ጋር ሊታሰር ይገባል፤ ለዚህም «ቴምፕፋይልስ» በተባለው የሲስተምዲ ክፍል የማውጫውን ስም፣ ፈቃድና ባለቤት በአንድ መስመር ማስፈር ይበቃል። ሁለተኛው ወጥመድ ፒአይዲ ፋይሉ ነው። ማውጫው የአገልግሎቱ ስለሆነ፣ አገልግሎቱን የሰበረ አጥቂ በፋይሉ ላይ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። በሩት ሥልጣን የሚሠራ የማቆሚያ ስክሪፕት ያንን ቁጥር ካመነ፣ አጥቂው ሩትን መሣሪያ አድርጎ የሌላ ሰው ፕሮሰስ ያስገድላል። ስለዚህ አገልግሎቱ ከአስነሺው ሳይለይ ቢሠራ ይሻላል፤ አስነሺው ልጁን ያውቃልና ፋይል ማንበብ አያስፈልገውም።

ይኸው መርሕ ለሰዎችም ይሠራል። አንድ ተጠቃሚ ሲገባ በ«ራን» ውስጥ «ዩዘር» በሚለው ሥር በተጠቃሚ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 1000 በሚል፣ የግል ማውጫ ይፈጠርለታል። ፈቃዱ 0700 ነው፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜው ሲዘጋም ይጠፋል።

ከዚህ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው፤ ነገ የሚፈለግን ነገር እዚህ ማኖር አይገባም። የተማሪ መዝገብ በ«ቫር» ሥር ወዳለው «ሊብ»፣ የሥራ ምዝግብ ወደ «ሎግ»፣ እንደገና ሊሰላ የሚችል ውጤት ወደ «ካሽ» ይሂድ። «ራን» የሚበላው ራም ስለሆነም ትልልቅ ፋይሎችን በውስጡ ማከማቸት ሌሎች አገልግሎቶችን ያስርባል።

ውድ ተማሪዎች፣ አዲስ አገልግሎት ስትተክሉ ስለ እያንዳንዱ ማውጫ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ይፈጥረዋል? የማን ነው? መቼ ይጠፋል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «እኔ በእጄ» ከሆነ ሥራው አላለቀም። አገልግሎቱን ለተጠቃሚዎች ከማስረከባችሁም በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሡት፤ ምንም ሳትነኩ አገልግሎቱ በራሱ መነሣቱን ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ይህን ፈተና መብራት በሌሊት ከሚፈትናችሁ እናንተ በቀን ብትፈትኑት ይሻላል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።